ዓይኗን የጨፈነች ሹፌር

ሰው ሁሉ የሚያውቃት ክላክስ በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ስሙን ያወጡላት የአውቶቡስ ዴፖው ሹፌሮች ናቸው። በጆሮህ ቀስ ብላ አንድ ነገር ልትነግርህ ብትሞክር እንኳ፣ ጋራዡ ውስጥ ጎማ የሚፈታው ሰውዬ ቀና ብሎ "እኔን ነው?" ይላል። የምትነዳው ተጣጣፊውን አውቶቡስ ነው፤ ያንን መሃሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚኮማተረውን ረጅሙን። ከላይኛው ሰፈር ተነስቶ ቁልቁለቱን የሚወርደውን መስመር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ተሳፋሪ በር ላይ ሲጋፋ፣ "ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ! መሃሉ ምን አደረጋችሁ? አይነክስም!" ስትል፣ የቸኮለውም የተቆጣውም እየሳቀ ይገባል።

እንዲህ ያለች ሴት ሰው ዝም ብሎ ወደሚቀመጥበት አዳራሽ ትመላለሳለች ቢሉኝ እኔም አላምንም ነበር። ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከምንጣፏ አጠገብ ምንጣፌን የምዘረጋ ሰው ነኝና፣ ከራሷ አፍ የሰማሁትን ላውራ።

ነገሩ የጀመረው ፍሬን እምቢ ባለ ቀን ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል፣ ቁልቁለቱ እኩሌታ ላይ እግሯ ፍሬኑን ቢረግጥ ፍሬኑ የለም። ማርሽ ቀነሰች፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፣ ጎኑን ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር እያፋተገች ወርዳ፣ አንድ ጅምር ሕንፃ ሥር የተቆለለ አሸዋ ውስጥ ሰካችው። ሰው አልሞተም። የአንድ ሽማግሌ መነጽር ተሰበረ፣ የአንዲት ወይዘሮ ቲማቲም ተፈጨ፣ በቃ። ሽማግሌው እየወረዱ "ልጄ፣ መነጽሩስ ይሰበር፤ አንቺን ለማየት አላስፈለገኝም፣ ድምፅሽ ይበቃል" አሏት። በዴፖው ጀግና ተባለች። የስምሪት ኃላፊው ራሱ መጥቶ እጇን ጨበጠ።

እግሯ ግን አልሰማም። አደጋው አለፈ ቢሉት እሱ አላለፈለትም። ሳህን ስታጥብ ቀኝ እግሯ ወለሉን ይረግጣል። ወንበር ላይ ስትቀመጥ ይረግጣል። አልጋ ላይ ስትሆን ባሏን ይረግጣል። ባሏ አናጢ ነው፤ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። "ሴትዮ!" ይላል ቅልጥሙን እያሻሸ፣ "እኔ ፍሬን አይደለሁም! ፍሬን ብሆን ኖሮ ስታገቢኝ ቆመሽ ነበር!" ከሳቀ በኋላ ግን ይጨነቃል፤ ምክንያቱም ሚስቱ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም። ሐኪም ቤት ሄደች። "አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው" አሏት። "እኔም ደህና መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱ ነው ያላወቀው" ብላ ወጣች። ሥራዋን ግን አንድ ቀን አልቀረችም። እንቅልፍ አጥታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ በየቀኑ ያንኑ ቁልቁለት ወረደች። ይህን ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልጠረጠራትም።

አዳራሹን ያገኘው ባሏ ነው። የሰፈሩን የስብሰባ አዳራሽ መስኮት ሊያድስ ሄዶ፣ ሰዎች ወለሉ ላይ ተዘርረው አየ። "አልቀዋል ብዬ ነበር" አላት ማታ። "አንዱ ሲያንኮራፋ ነው በሕይወት እንዳሉ ያወቅኩት። ዮጋ ነው አሉ። መተንፈስ፣ መንጠራራት፣ ከዚያ ዝም ማለት። በነጻ ነው። ለማንም ነው።"

"ለዝምታ ነው የምትልከኝ? እኔን?"

"ለእኔ ቅልጥም ስትይ ሂጂ።"

የሚያስተምሩን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሴቶችን ሲያስተነፍሱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ "አፌ ሥራ ፈታ" ብለው ይህንን ጀመሩ። የድሮው ሙያ አልለቀቃቸውም። "ወደ ውስጥ ሳቡ… ያዙት… አሁን ልቀቁት፣ አይዟችሁ፣ ትንሽ ነው የቀራችሁ!" ሲሉ፣ ጎረምሳም ሽማግሌም በአንድነት ያምጣል። መጨረሻ ላይ ዓይን ጨፍነን ለተመስጦ እንቀመጣለን። በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ሰው "ይሄ የማን እምነት ነው?" ብሎ ጠይቋቸው ነበር። "የሚጸልይ በልቡ ይጸልይ፣ የማይጸልይ ይረፍ" አሉት። "እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ስም አላወጣም።" ለምን እንደማያስከፍሉ ለጠየቃቸውም "አየሩን እኔ አላመጣሁት" ይላሉ።

ክላክስ በመጀመሪያው ቀን አስቸገረቻቸው። ሁላችንም ጨፍነናል፤ እሷ ብቻ ዓይኗን እንደ ፋኖስ አብርታ ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ ጨፍኚ እንጂ።"

"እማማ፣ እኔ አልጨፍንም።"

"ለምን?"

"ሹፌር ነኛ!" ድምፅዋ ግድግዳውን መታ፤ ያንቀላፋ ሁሉ ነቃ።

"አሁን እየነዳሽ ነው?"

መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ቀኝ እግሯ አየች። እግሯ ምንጣፉን ወደ ታች ተጭኖ፣ ጣቶቹ ነጥተው ነበር። "አላውቅም" አለች። ክላክስ ቀስ ብላ ስትናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

እማማ ጎንበስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡና እጃቸውን እግሯ ላይ ጣል አደረጉ። "ይርገጥ፤ አትከልክዪው። ደክሞት እስኪተው ድረስ ይርገጥ። አንቺ ትንፋሽሽን ብቻ ተከተዪ።" የዚያን ዕለት አልጨፈነችም። በሚቀጥለውም አልጨፈነችም። ከዚያ አንድ ማታ ጨፈነች፤ ጨፍናም አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንቶች እግሩ መርገጡን ጨርሶ ባይተውም አሳጠረው። እንቅልፍ መጣ። ባሏ ለሰፈሩ ሁሉ "ፍሬኑ ተጠግኗል" እያለ አወራ።

አሁን ቲኬት ቆራጩ ይምጣ። ቲኬት ቆራጩ ከእሷ ጋር በአንድ አውቶቡስ ዓመታት የሠራ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን አፉ ላይ በር የሌለው ሰው ነው። አንድ ማታ የምሳ ዕቃዋን አውቶቡሱ ላይ ረስታ፣ ሊያደርስላት ወደ አዳራሹ መጣ። በመስኮት ቢያይ ክላክስ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። መስታወቱን ቆረቆረ። አልገለጠችም። እንደገና ቆረቆረ። ወይ ፍንክች! በማግስቱ ጠዋት ዴፖው ሻይ ቤት ገብቶ ሻዩን ሳያማስል፣ "ሰማችሁ? ክላክስ ተቀምጦ ዓይን መጨፈን እየተለማመደች ነው" አለ።

ይህ ቃል በሌላ ሰው ጆሮ ዕረፍት ነው። በሹፌር ጆሮ መርዶ ነው። ሹፌሮች ለአዲስ ልጅ የሚያስተምሩት የመጀመሪያ ነገር ዓይን አለመጨፈን ነው፤ ሲያዛጉ እንኳ በየተራ አንድ ዓይን የሚገልጡ የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። እና ወሬው ሻይ ቤቱን ሳይለቅ እግር አወጣ።

"ተቀምጦ መተኛት ያስተምራሉ አሉ።"

"ኧረ መተኛትስ ደህና፤ በውስጥ ዓይን መንዳት ነው አሉ የሚያስተምሩት!"

"በነጻ?" አለ ቲኬት ቆራጩ። "እኔ የማይገባኝ እሱ ነው። ያለ ቲኬት የተሳፈረ ሰው የት እንደሚወርድ አይታወቅም።"

ከሰዓት በኋላ የስምሪት ኃላፊው ጠራት። ይህ ሰው ጨካኝ አይደለም። ድሮ ሹፌር ነበር፤ አንድ ጓደኛው መሪ ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ ሬሳውን ከጋቢናው ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ መሪ ይዞ አያውቅም።

"ወሬው እውነት ነው?" አላት።

"የትኛው? ብዙ ነው።"

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ትቀመጫለሽ?"

"እቀመጣለሁ። እርስዎ ማታ ሲተኙ ገልጠው ነው?"

"አትቀልጂብኝ። እኔ ዓይኑ ለአንድ አፍታ የተከደነበትን ሰው በእጄ አንስቻለሁ።"

"አውቃለሁ አለቃ፤ ነፍስ ይማር" አለች። "ግን ልንገርዎት። ከዚያ ከፍሬኑ ቀን በኋላ እንቅልፍ ሳይኖረኝ፣ ዓይኔ እንደ ፈጠጠ ስነዳ ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ አልጠሩኝም። ያን ጊዜ ነበር መፍራት! አሁን ተኝቼ ስነቃ ይፈሩኛል?"

ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ አለቃ ተናገረ። "ይሄ ለሹፌር አይሆንም። ተሳፋሪ ከሰማ ማን ይሳፈራል? ነገ ጠዋት በሹፌሮች ፊት 'ትቼዋለሁ' በይ፤ መሪሽን ትይዣለሽ። ካላልሽ የቁልፍ ክፍል ትገቢያለሽ።"

የቁልፍ ክፍል ማለት ጠዋት ለሹፌሮች በመስኮት ቁልፍ እያቀበሉ፣ ማታ መቀበል ነው። ለክላክስ ይህ ዓሣን የውሃ ቧንቧ ቆጣሪ እንዲያነብ እንደመቅጠር ነው።

ባሏ መላ አላጣም። "ትቼዋለሁ በያ! ማን ያውቃል? መስኮቱን ቀለም እቀባልሻለሁ፤ ቲኬት ቆራጭም አያይ፣ አለቃም አያይ።"

"እንደ ሌባ ተደብቄ ነው የምተነፍሰው?"

"ኧረ አንቺ ሴት፣ ሰው እንዴት ሥራውን በአፍንጫው ያጣል?"

"በአፍንጫዬ ልጣው እንጂ በአፌ አላቆየውም" አለችው። "ዋሽቼ አልነዳም።"

ጠዋት ዴፖው ግቢ ውስጥ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ሞተራቸው ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ፍሬናቸው በአየር ስለሚሠራ፣ አየሩ ማጠራቀሚያው ውስጥ እስኪሞላ ድረስ አይንቀሳቀሱም። ሹፌሮቹ በዚያ መሃል ሰው ያማሉ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ይሟገታሉ። ኃላፊው እጁን አጨበጨበና "ክላክስ የምትነግረን አለ" አለ።

"አለኝ" አለች። "ዮጋ እሄዳለሁ። ዛሬም እሄዳለሁ። ነጻ ነው፤ የፈለገ ይምጣ።"

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። "ምንጣፍ ይዘን ነው?" "ትራስስ?"

"ይሄ ሁሉ ለመተንፈስ?" አለ ኃላፊው።

እጇን ወደ አውቶቡሶቹ ዘረጋች። "እነዚህስ ተደርድረው ምን እየጠበቁ ነው? አየር አይደለም? አየር ሳይሞላ የወጣ ሹፌር ካለ እጁን ያውጣ!"

ማንም አላወጣም። ነገሩ ወደ እሷ ሊያጋድል ነበር። ኃላፊው ግን "ልክ ነሽ፤ ግን አውቶቡሱ አየር የሚሞላው መብራቱን አጥፍቶ አይደለም!" አለና ሳቁን መልሶ ወሰደው። "ጥሩ መልስ ነበር" አለችኝ ስትነግረኝ። "አየሽ፣ በእኔ ላይ ባይሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።"

ቁልፍ ክፍል ገባች። ገብታ ግን ዝም አላለችም፤ ወይም ደግሞ በጣም ዝም አለች። ጠዋት ቁልፍ አከፋፍላ ስትጨርስ፣ ወንበሯን ከክፍሏ አውጥታ ግቢው መሃል፣ ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ ታስቀምጣለች። ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። አውቶቡሶቹ አየር እስኪሞሉ ድረስ እንደዚያው ናት። "ትጨፍናለች እያላችሁ አይደል የምታሙኝ? ሐሜታችሁን አላስዋሽም" አለቻቸው። ሹፌሮቹ በአጠገቧ ሲያልፉ ጆሮዋ ሥር ይጮኹባታል። "እትዬ ክላክስ፣ ፌርማታሽ አለፈ!" ይላሉ። የዓይኗ ሽፋን አይርገበገብም። ኃላፊው ከቢሮው መስኮት ሆኖ ያያል፤ እንዳታደርግ ሊከለክላት ግን አልቻለም፤ ወንበር ላይ መቀመጥ የሚከለክል ደንብ አልተገኘም።

በመጀመሪያ የተሸነፈው ቲኬት ቆራጩ ነው። ከአዲስ ሹፌር ጋር መሥራት ሰልችቶት፣ በመስኮቱ ብቅ አለ። "እትዬ፣ ተጸጽቻለሁ።"

"በባዶ ሜዳ አይጸጸቱም። ሐሙስ ማታ አዳራሹ መጥተህ ተጸጸት።"

መጣ። እኔ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ በሰው መሃል ሲመላለስ የኖረ እግር መቀመጥ አያውቅምና፣ ተነስቶ በምንጣፎቻችን መካከል እየተሽሎከሎከ ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። እማማ "ልጄ፣ ሁሉም ከፍሏል፤ ተቀመጥ" አሉት። አዳራሹ ለረጅም ጊዜ ተመስጦውን አላገኘም።

ሥራዋ ግን አልተመለሰም። የሚያሳዝናትን አይቻለሁ። ከአዳራሹ ስንወጣ ተጣጣፊው ሲያልፍ ቆማ ታየዋለች፤ "አዲሷ ሹፌር ማርሹን ስትቀይር አሳመመችው" ትላለች፣ ስለ ታመመ ልጅ እንደምታወራ። አንድ ማታ "እማማ፣ ቢቀርብኝስ?" አለቻቸው። "ይቅርብሽ" አሉ እማማ። "ማንም አስገድዶ አላመጣሽም፣ ማንም አስገድዶ አያስቀርሽ። ራስሽ ወስኚ።" ረጅም ጊዜ ጫማዋን ስታስር ቆየች። በሚቀጥለው ጊዜ ከሁላችን ቀድማ መጣች።

ከዚያ አንድ ጠዋት የተጣጣፊው ሹፌር ሆዷን አሟት ቀረች። ያንን አውቶቡስ መንዳት የሚችሉት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ወጥተዋል። ከላይኛው ሰፈር ስልኩ ይጮኻል፤ ሰልፉ ጥጉን ዞሯል፤ ዝናብም ጀምሯል። ኃላፊው ወደ ቁልፉ መስኮት መጣ።

"የተጣጣፊውን ቁልፍ።"

"ማን ሊነዳው?"

"አንቺ።"

"እኔ ዓይን ጨፋኝ ነኝ።"

"ክላክስ፣ ሰው በዝናብ ቆሟል።"

"አያለሁ። ዓይኔ ክፍት ነው።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለዛሬ ንጂ። ዛሬ ማታ ብቻ ከዚያ ቦታ ቅሪ፤ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን።"

ያቺን ደቂቃ ስትነግረኝ እጄን ያዝ አድርጋኝ ነበር። ቁልፉ መዳፏ ውስጥ ነበር። አውቶቡሱ በመስኮቱ ይታያታል። ሰልፉ ውስጥ የሚቆሙትን በመልክ ታውቃቸዋለች፤ የሚያረፍዱትን፣ ልጆች የሚጠብቋቸውን ሁሉ። "እሺ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር" አለችኝ። "ዋጥኩት። አንድ ትንፋሽ ሳብኩ፣ ለቀቅኩት። ከዚያ ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።"

"ለዛሬ ከሆነ አልነዳም" አለችው። "ይኸው ቁልፉ። እርስዎም ሹፌር ነበሩ፤ ይንዱት።"

ኃላፊው ቁልፉን አየ። አልነካውም። ጎማ የሚፈታው ሰውዬ መፍቻውን አስቀምጧል፤ ቲኬት ቆራጩ ዝናቡ ላይ ቆሟል። ማንም አልሳቀም።

"በቃ ሂጂ" አለ በመጨረሻ።

"የት?"

"ወደ መስመርሽ።"

"ማታስ?"

"ማታም ወደ…" ጉሮሮውን ጠረገ። "ወደ መተንፈሻሽ።"

"ነገስ?"

"ነገም! ከነገ ወዲያም! መሪሽን ያዢ፣ እዚያም ሂጂ! ከእንግዲህ አልጠይቅሽም!"

ቁልፉን አነሳች። አየሩ እስኪሞላ ጋቢናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ እሱ እያያት ዓይኗን ጨፈነች። ሲሞላ ገለጠችና ወጣች።

ከላይኛው ሰፈር ተሳፋሪዋን ጭና ወደ ቁልቁለቱ ስትደርስ፣ ቲኬት ቆራጩ ሥራውን ትቶ ከኋላዋ ቆመ። አስፋልቱ እንደዚያ ቀን እርጥብ ነው። ማርሽ ቀነሰች። ግንቡ በጎን አለፈ፣ የድሮው የፍትጊያ ጠባሳ እንዳለ ነው። ቀስ ብላ፣ ቀስ ብላ ወረደችና ከታች ያለው ፌርማታ ላይ በልኩ አቆመች። ቀኝ እግሯ ፍሬኑ ላይ እንዳለ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጉልበቷ ንዝረት በቀሚሷ ላይ ይታያል።

ቲኬት ቆራጩ አየ። ማየቱንም አየች።

"እትዬ" አለ በሹክሹክታ፣ "ይሄን ለማንም አልናገርም።"

"ለምን አትናገርም?" ጮኸች፤ ተሳፋሪው ሁሉ ቀና አለ። "ሻይ ቤት ገብተህ ንገራቸው! እግሯ ተንቀጠቀጠ በል። አውቶቡሱም ፌርማታው ላይ ቆመ በል። ሁለቱንም ካልተናገርክ ግን አንዱንም እንዳትናገር!"

ከመሃል አንዲት ሴትዮ "ሹፌር፣ ኧረ በሩን!" አሉ።

ከፈተችላቸው።